ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር፦ የርቀትና የጊዜ ጥናት

ከአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ የከረረ ክርክር የለም። አከራካሪው ጊዜው ነው። ቲኬቱ አንድ ሰዓት ያህል ይላል፤ ቲኬቱ ግን ተሳፋሪውን የሚያውቀው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የጉዞው ትክክለኛ መነሻ የዋዜማው ምሽት መሆኑን ጥናቱ አረጋግጧል። ቲኬቱ ላይ 07:00 ተጽፏል። የተማረው የቤተሰብ አባል ስድስት ቀንሶ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው» ይላል፤ አንድ አጎት «ሰባት ማለት ሰባት ነው» ብለው ይሟገታሉ። አጎትየው የተሰሙ እንደሆነ ተሳፋሪው ምሳውን በልቶ፣ ተመርቆ ቦሌ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ግን ሄዷል። ልብ በሉ፦ ርቀቱ አሁንም 330 ነው።

የሸኚ ብዛት ራሱን የቻለ ተለዋዋጭ ነው። ለአንድ ተሳፋሪ አንድ ሙሉ ሚኒባስ ሸኚ የተለመደ ነው። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ ስንብቱ በር ላይ ያልቃል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ በስልክ እንደሚቀጥል ታውቋል። «ገባህ?» «ጫማ እያስወለቁኝ ነው።» «ምን አደረግክ?» ተሳፋሪው ቀበቶውን ከታጠቀ በኋላ በሚቀጥለው ፍተሻ ደግሞ ይፈታል።

በረራው ራሱ ለጥናት የሚበቃ ነገር የለውም። በመኪና ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን ለመውጣት ጆሮ የሚደፍነው የዓባይ በረሃ ከላይ ሲታይ ውኃ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልፋል። ቀጥሎ ጎጃም፣ ቀጥሎ ጣና። ጎማው መሬት በነካ ቅጽበት ግን፣ ቁጭ በሉ እየተባለ፣ ሁሉም ይነሳል። ቀድሞ የተነሳ ቀድሞ ሲወርድ እስካሁን አልታየም፤ ምርምሩ ቀጥሏል።

እንግዲህ እንደምር፦ እስከ ቦሌ አንድ ሰዓት፣ ቀድሞ ለመገኘት ሁለት፣ በረራው አንድ፣ ሻንጣ ጠብቆ ከተማ ለመግባት አንድ። 330 ለአምስት ሲካፈል በሰዓት 66 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ የጤነኛ ሚኒባስ ፍጥነት ነው። አውሮፕላኑ ከአውቶቡሱ የሚበልጠው እንግዲህ በፍጥነት ሳይሆን ደብረ ማርቆስ ላይ ለምሳ ባለመቆሙ ነው። ይህን አንዳንዶች እንደ ጉድለት ያዩታል።

የመልሱ ጉዞ የተለየ ዘዴ ይጠይቃል፤ ቅቤ አለበትና። ተሳፋሪው ሚዛኑ ፊት ሻንጣውን ዘርግቶ ሁለት ጋቢ ይደርባል፣ ማሩን ለማያውቀው ሰው በአደራ ይሰጣል፣ አክስቱ ጋ ደውሎ «ቅቤው አልፏል» ብሎ ይዋሻል። አክስቱ ደግሞ ዶሮ ወጡንስ ብለው ይጠይቃሉ።