ግማሽ ጉንጭ በጊንጪ

ጊንጪ ላይ ስለ ስለት ምክር ፈልጎ ያጣ ሰው ካለ ኅዳር ውስጥ አልመጣም ማለት ነው። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ አጫጁ ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ይመላለሳል፤ ስለት እንዴት እንደሚወጣ ደግሞ እያንዳንዱ የማይነቀነቅ የራሱ ሃይማኖት አለው። እኔ መሐላቸው የገባሁት ምላጭ ይዤ ነው።

ምላጩ የአጎቴ ነው። ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ፣ አንገቱ ላይ «ሶሊንገን» የሚል የተቀረጸበት የድሮ የጀርመን ዕቃ። ሶሊንገን በቢላና በሰይፍ ሥራ ስሟ የገነነ የጀርመን ከተማ ናት። አጎቴ ግን ይህን አይቀበልም፤ የሠራው ሰውዬ ስም ነው ባይ ነው። «ሶሊንገን ማለት እጁ የተባረከ ነጭ ነበር» ይላል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ዘመናት የቆየው ምላጭ የወጣው በእኔ ምክንያት ነው። የልጅ ልጁ አርባ ቀን ሊሞላው ሆኖ፣ አበልጅ እኔ እንድሆን ተመርጬ፣ ከነጺሜ ከአዲስ አበባ ከች አልኩ።

«በዚህ ፊትህ ነው ልጁን ከካህኑ እጅ የምትቀበለው?»

መብራት ጠፍቶ የከተማው የፀጉር ማሽን ሁሉ ዝም ብሏል። ከሱቅ አንዲት ምላጭ ልግዛ ብል አጎቴ ተቆጣ። ሶሊንገን ቤት ተቀምጦ!

ጓሮ ውስጥ ማጭድ የሚሳልባት ድንጋይ አለች። ከብዙ መሳል የተነሳ መሐሏ ጎድጉዶ ዝናብ ሲቋጥርባት ዶሮዎች ይጠጡባታል። አጎቴ ውኃ ረጨት፣ ምላጩን እያገላበጠ ፈተገው፣ አንድ ዘለላ ጭድ አንስቶ ቀነጠሰበት። ጭዱ ተቆረጠ። ቀጥሎ የእኔ ቀኝ ጉንጭ ሆነ። ምላጩ አይላጭም፤ ይነቅላል። ግማሽ ላይ ሲደርስ እንባዬ ሳሙናውን አጠበው። የአጎቴ ሚስት ከማጀት ወጥታ አየችኝና «ኧረ በስማም! ሰውዬ፣ ዶሮ አደረግኸው እኮ!» ብላ ምላጩን ቀማችው።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የሰፈር ሆነ። የሉካንዳው ሰው ሁለቱን ቢላዎቹን እርስ በርስ እያፋጨ «እንዲህ ነው» አለ። አንዲት ጎረቤት የቡና ሲኒ ገልብጣ በቂጡ እንድስል አመጣችልኝ። ባለ እጁ እሳት ይንካው አለ። ሁሉም ካለው ላይ ነው የሚመክረው፤ ግማሽ ጉንጩን የተላጨ ሰው ደግሞ ምክር የመምረጥ መብት የለውም።

አንዱ አጫጅ የአዋሽ ዳር ድንጋይ ይሻላል አለ። አዋሽ የሚነሳው እዚሁ ደንዲ ወረዳ ውስጥ፣ ከጊንጪ ብዙም ሳይርቅ ነው። አፋር ድረስ ተጉዞ ባሕር ሳያይ የሚቀረው ያ ትልቅ ወንዝ እዚህ ገና ልጅ ነው። የሄድንበት ጥቁር መረሬ ክረምት ላይ ጫማ ከእግር ይነጥቃል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ አፉን ይከፍታል፤ ድንጋይ ለመስጠት ግን ይሰስታል። ከወንዙ ዳር ያገኘነው ጥቁር፣ ቀዳዳው የበዛ ነገር ነበር። ተረከዝ ለመፈግፈግ ይሆን ይሆናል።

ወንዙን ተከትዬ ብወርድ ኖሮ ግን የምፈልገውን ባገኘሁ። አዋሽ ዝቅ ብሎ በመልካ ቁንጥሬ ያልፋል፤ አጠገቡ ባልጪት የሚባል ባልጩት የሞላበት ስፍራ አለ። ሰው እዚያ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ያንን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት እየፈለጠ መሣሪያ ሲሠራ ኖሯል፤ ዩኔስኮም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ባልጩት ሲፈለጥ የሚወጣው ጠርዝ ከብረት ምላጭ የቀጠነ ነው። መሳያ አይፈልግ፣ ጠፍር አይፈልግ፣ አጎት አይፈልግ። ሲዶለዱም ይጥሉትና ሌላ ይፈልጣሉ።

«የአምቦ ድንጋይ ነው እንጂ!» ያለው ግንበኛ ነው፤ አጎቴም ተስማማ። ቅዳሜ ማለዳ ምላጩን በኪሴ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አድርጌ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተጓዝኩ። ረዳቱ አየት አደረገኝና «ጥርስ ነው ጋሼ?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ የፊት ወንበር ሰጠኝ።

አገሩ አምቦን በውኃዋ ያውቃታል፤ ግንበኛ ግን በድንጋይዋ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ አንዳንዱም ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ተጠርቦ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የግድግዳ ጌጥ የሚሆን ነው። ድንጋይ ጠራቢው ጡብ የሚያህል ቁራጭ መርጦ፣ እጅ በእጅ ፈትጎ አስተካክሎ ሰጠኝ። ውኃ ሳፈስበት ጠጣው። ምላጩን ሳሳርፍበት እንደ ጥርስ ማፋጨት ያለ ድምፅ አወጣ። «ይበላል!» አለ ጠራቢው በኩራት።

መብላቱንስ ይበላል። የአምቦ ድንጋይ በዘመናት ብዛት የተጣበቀ አሸዋ ነው። አሸዋ የሚባለው ደግሞ ትንሹ ፍሬው ከአንድ ሚሊ ሜትር 16ኛ አያንስም፤ በዚያ ላይ ያለፈ የምላጭ አፍ በአጉሊ መነጽር ቢታይ መጋዝ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው፤ ያወቅሁትም ጊንጪ ላይ፣ ወንበሩ አንድ ብቻ በሆነ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሠርተዋል። ነጠላዬን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

«ማነው በማጭድ የላጨህ?»

ከመሳቢያቸው ጣት የሚያህል ስፋት ያላት፣ ላይዋ ቢጫ፣ ታችዋ ጥቁር ድንጋይ አወጡ። እንዲህ ያለው ድንጋይ የሚገኘው ቤልጂየም ውስጥ፣ አርዴን በሚባለው ተራራማ አገር ነው። ቢጫው ንብርብር ስስ ስለሆነ እንዳይሰበር ጥቁር ድንጋይ ይለጠፍበታል። የሚስለው በውስጡ የተዘራው ጋርኔት የተባለ ማዕድን ነው፤ ፍሬው ከሚሊ ሜትር መቶኛ ይቀራረባል።

ሽማግሌው መጀመሪያ በሌላ ለስላሳ ድንጋይ የአጎቴንና የአምቦውን ጭረት አጠፉ፤ ይህ ረጅሙ ሥራ ነበር። ከዚያ ቢጫዋን በውኃ አርሰው ምላጩን አስተኙ። ጀርባውም አፉም እኩል ድንጋዩን መንካት አለባቸው፤ ወፍራሙ ጀርባ ራሱ ማዕዘኑን ይጠብቃል፣ እጅ አይገምትም። በስለቱ በኩል ወደፊት ገፉ፣ መጨረሻው ላይ በጀርባው ገልብጠው መለሱ። ጉልበት የሚባል ነገር የለም፤ የምላጩ የራሱ ክብደት ብቻ። በመጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ የሚሰማው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ቀጥሎ ምላጩ እርጥቡ ድንጋይ ላይ መጣበቅ ጀመረ። «አሁን ደረሰ» አሉ። በወንበሩ ክንድ ላይ የታሰረውን ጠፍር ወጥረው፣ ጀርባውን አስቀድመው አመላለሱት፤ በዚህ ጊዜ ስለቱ ከኋላ ነው የሚከተለው፣ አለዚያ ቆዳው ይቀደዳል። ከራሴ ላይ አንድ ፀጉር ነቅለው አንጠለጠሉና አስነኩት። ወደቀ።

«የነገሩህ ሰዎች አልዋሹህም ልጄ» አሉኝ ሳሙናውን እየመቱ። «ማጭድ ጥርስ ይፈልጋል፤ ጤፍ በጥርስ ነው የሚታጨደው። ምላጭ ላይ ጥርስ ከቀረ ጢሙን ይዞ ይጎትታል። የመጨረሻው ድንጋይ ለመቁረጥ አይደለም፣ ከፊቱ ያለው ድንጋይ የሠራውን ለማጥፋት ነው። ሁሉም የነገረህ ስለ ማጭዱ ነው።»

ምላጩን በአልኮል ጠርገው ላጩኝ። ድንጋይዋ ለዓመታት ሥራ ፈትታ መቀመጧንም አጫወቱኝ። «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው የኤች አይ ቪ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ደንበኛ ሁሉ ከወረቀት የምትወጣ አዲስ ምላጭ ካላየ አይቀመጥም፤ ልክም ነው። ድንጋይዋን ይሽጡልኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ።

እሑድ በማለዳ ልጁን ተቀበልኩ። ግራ ጉንጬ የሕፃኑን ይመስል ነበር፤ ቀኙ የአጎቴ ፈለግ ስላለበት ፎቶ ሲነሳ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። አጎቴ ግን ምላጩ ተላጨበት የተባለውን ብቻ ሰምቶ ለካህኑ ሳይቀር ሶሊንገንን አስተዋወቀ።

ሰኞ ደቦ ነበር። የአምቦው ድንጋይ ማሳው ዳር ተተከለና አጫጁ ሁሉ እየመጣ ማጭዱን ሳለበት፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ አላየንም ተባለ። ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ስነሳ አጎቴ እስከ መኪናው ሸኘኝ።

«ስትመለስ እንደዚህኛው ያለ አንድ ሌላ ከአምቦ ይዘህ ና» አለኝ። «የዚያን ሽማግሌ ዓይነቷን አታምጣብኝ። አየኋት፤ እሷ ምንም አትበላም።»