የጊዜ ጉዞ በሀብሩ ወረዳ፦ የመስክ ጥናት

ወደ ኋላ ዘመን መጓዝ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር በፈረንጅ አገር እስካሁን እልባት አላገኘም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው ልብ ወለድ ተጓዡን መኪና ላይ አውጥቶ ሰደደው። አንስታይን በ1905 ጊዜ ለሁሉም እኩል እንደማይሮጥ አሳየ። ኩርት ጎደል ደግሞ በ1949 የአንስታይን ቀመር ወደ ኋላ መመለስን እንደማይከለክል አስልቶ፣ ውጤቱን ለሰውየው ሰባኛ ዓመት ልደት ስጦታ አደረገለት። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የሄደ ሰው የለም።

በሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ ግን ነገሩ ከንድፈ ሐሳብ አልፎ የዘወትር ሥራ ከሆነ ውሎ አድሯል። መርሳ ከተማ ላይ በጧት የተነሣ ወጣት ረፋዱ ላይ 1977 ዓ.ም. ይደርሳል። ለስንቅ አንድ ፌስታል ወረቀት፣ ሦስት ምስክርና የምስክሮቹ ምሳ ይበቃዋል። መሣሪያው የመሬት ክርክር ይባላል። (ዘመን አቆጣጠራችን ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ አይጠፋም። ያ የአስጎብኚዎች ቀልድ ስለሆነ ጥናቱን አይመለከተውም።)

ተጓዡ በብዛት ዕድሜው ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ትምህርት ጨርሶ ሥራ ያላገኘ፣ ከቤተሰቡ መካከል የፍርድ ቤት ወረቀት አንብቦ የሚገባው ብቸኛ ሰው ነው። የተመረጠውም በጀግንነቱ ሳይሆን ፊደል ስለቆጠረ ነው። ሊያቃናው የሚሄደው በደል ከቤት ቤት ዝርዝሩ ቢለያይም አጥንቱ አንድ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አያቱ በሠፈራ ወደ ወለጋ ይጫናሉ። ማሳቸውን ለታናሽ ወንድማቸው በአደራ ይሰጣሉ። ወንድምየው ያርሳል፤ ከሱም በኋላ ልጁ ያርሳል። በ1990ዎቹ መሬት ተለክቶ የይዞታ ደብተር ሲታደል፣ ገመድ ጎታቹ "ይሄ የማን ነው?" ይላል። ሞፈር የያዘው ሰው "የኔ" ይላል። ደብተሩ ላይ ከነሚስቱ ፎቶው ይለጠፋል።

በደሉ የተፈጸመው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ተጓዡም ሊደርስባት የሚፈልገው እሷን ነው። ሆኖም ወደ እሷ በቀጥታ የሚወስድ መንገድ የለም። መጀመሪያ አደራውን ማስረዳት አለበት፤ አደራውን ለማስረዳት የአያቱን ይዞታ፣ ይዞታውን ለማስረዳት ከ1967 ወዲህ የተደረገውን ክፍፍል። እንዲህ እያለ ይንሸራተታል። ብዙዎች ጣሊያን ዘመን ላይ ወድቀው ተገኝተዋል።

በሳይንስ ጊዜ የሚለካው በሰከንድ ነው፤ በሀብሩ የሚለካው በመከራ ነው። መለኪያዎቹ ስልሳ ስድስት፣ ሰባ ሰባት፣ ኢሕአዴግ ሲገባ፣ አንበጣ የመጣ ጊዜ እየተባሉ ይጠራሉ። ለምስክርነት የቀረቡ አዛውንት በቁርኣን ወይም በወንጌል ከማሉ በኋላ ዕድሜያቸው ይጠየቃል። "እሱን ፈጣሪ ያውቃል፤ ጣሊያን ሲወጣ ግን ሱሪ ሳልታጠቅ ከብት እጠብቅ ነበር" ይላሉ። መልሱ ከሥነ ፈለክ አንጻር እንከን የለበትም።

ጉዞው የሚነሣበት ጣቢያ የማመልከቻ ጸሐፊው ጠረጴዛ ነው፤ ዱሮ በጃንጥላ ሥር ከጽሕፈት መኪና ጋር፣ ዛሬ በኮምፒውተር ቤት። ጸሐፊው ቀና ሳይል ይጠይቃል።

"ስንት ዓመት ይዘውት ነበር?"

"ሃያ ምናምን።"

"ምናምኑን ንገረኝ፤ ዳኛ ምናምን አይቀበልም።"

ከዚያ አዋሳኝ ይጻፋል። በምሥራቅ አያ እከሌ፣ በምዕራብ የከብት መንገድ፣ በደቡብ የቅንጭብ አጥር፣ በሰሜን ወንዝ። አያ እከሌ ከሞቱ ቆይተዋል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ዛሬም ምሥራቁን ይዘው ቆመዋል። ወንዙ ከሰባ ሰባት ወዲህ በየክረምቱ እየናደ ወደ ከሳሽ ወገን ገብቷል፤ ስለዚህ የተከሳሽ ምስክር ሆኖ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ያደረገውን ሙከራ ማንሣት ግድ ነው። ሰውየው ለጊዜ ተጓዦች ድግስ ደገሰና ጥሪውን ያስነገረው ድግሱ ካለቀ በኋላ ነበር። አንድም ሰው አልመጣም፤ እሱም ይህንን ጉዞው እንደማይቻል ማስረጃ አድርጎ ያዘው። መደምደሚያው ችኮላ አለበት። ድግሱ መርሳ ላይ ቢሆን ኖሮ አምስት ሰው "ነበርን" ብሎ በፈረመለት ነበር። በ1985 ዓ.ም. ተጻፈ የተባለ የኪራይ ውል ግርጌ ላይ የምስክሩን የሞባይል ቁጥር ማግኘት የሚያስደንቀው እንግዳን ነው። ሞባይል አገሩ የገባው በ1991 ዓ.ም. መሆኑ ለጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ይሆናል፤ ለፊዚክስ ሊቅ ግን ኖቤል ነው።

ፈላስፎችን እንቅልፍ የሚነሣ ሌላ እንቆቅልሽ አለ። ተጓዡ ወደ ኋላ ሄዶ አያቱን ቢገድል እሱ ራሱ ከየት ይወለዳል? በሀብሩ አያትን የሚገድለው ተጓዡ ሳይሆን የተከሳሽ መከላከያ መልስ ነው። "የከሳሽ አያት በ1977 ዓ.ም. ወለጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞተዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም" ይላል፣ በሦስት ምስክር አስደግፎ። የከሳሽ እናት ግን በ1979 ወለጋ ውስጥ ከእኚሁ ሟች ተወልደዋል። ምስክሮቹ ከታመኑ እናት አልተወለዱም። እናት ካልተወለዱ ከሳሽ የለም። ክሱ ውድቅ ይደረግና፣ የሌለው ከሳሽ ለተከሳሽ ወጪና ኪሳራ እንዲከፍል ይታዘዛል። ፊዚክስ እዚህ ደረጃ ገና አልደረሰም።

የብርሃን ፍጥነትን የሚተካው ወሰን ይርጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1000 ለወራሽ፣ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ ጀምሮ 3 ዓመት፣ ግፋ ቢል 15 ዓመት ሰጥቶታል፤ የዘር ርስት ሲሆን ግን አሥራ አምስቱ እንዳይቆጠር ትቷል። ይህች ክፍተት ተጓዦችን ታጓጓለች። ይሁንና የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ርስት የሚባል ነገር አብሮ ቀርቷል። ስለዚህ ተጓዡ፣ አያቱ የተቀሙት ርስት እንጂ ይዞታ እንዳልሆነ፣ ወይም ይዞታ እንጂ ርስት እንዳልሆነ፣ የችሎቱን ፊት አይቶ ይናገራል።

ጊዜና ቦታ አይነጣጠሉም የሚለውን ግኝት በተመለከተ የሀብሩ ሰው የሚያረጋግጠው በኪሱ ነው። መርሳ ላይ የተሸነፈ ይግባኙን ወልድያ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይወስዳል፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወልድያ ያልቀናው ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ከወልድያ 350 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ባሕር ዳርም ካልሆነ ሰበር፣ አዲስ አበባ። ያቺ ገመድ የተጎተተችባት ቅጽበት በራቀች ቁጥር ትራንስፖርቱ ይወደዳል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ከተማዋ ስትመለስ መሥሪያ ቤቱ ተዘርፎ፣ ወረቀቱ በየግቢው ተበትኖ ነበር። ፋይሉ የጠፋበት ጉዞውን ከመርሳ እንደገና ጀመረ፤ ያልጠፋበትም "ጠፍቶብኛል" ማለትን ተማረ። ጥናቱ ይህን ክፍል ባጭሩ ያልፈዋል።

ሳይጠቀስ የማይታለፈው ተከሳሹም ተጓዥ መሆኑ ነው። የዚያ የታናሽ ወንድም የልጅ ልጅ፣ ለከሳሹ የአጎት ልጅ፣ ዕድሜውም እኩያ። እሱም በፌስታሉ በደል ይዟል፤ አያቱ በድርቁ ዘመን የወንድማቸውን አሮጊት እናት፣ ማለት የገዛ እናታቸውን፣ ብቻቸውን ጦረው እንደቀበሩ፣ ሠፋሪው ግን ለተስካሩ እንኳ አሥር ሳንቲም እንዳልላከ። ይህን ለማቃናት ወደዚያው 1977 ይሄዳል። ሁለቱ በቀጠሮ ቀን አንድ ሚኒባስ ውስጥ ይገናኛሉ፣ ሌላ መኪና ስለሌለ። ቀድሞ የገባው የሌላውን ሒሳብ ይከፍላል፤ "ኧረ እኔ ልክፈል" "ሞቼ ነው ቆሜ" ይባባላሉ። ወልድያ ደርሰው ሲወርዱ እንደገና ባለጋራ ይሆናሉ።

ክርክሩ እስኪያልቅ ሁለቱም ማሳው ላይ እንዳይደርሱ እግድ ወጥቷል። ማሳውን የሚያርሰው እኩል አራሽ ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ እግዱ አልነካውም። ስሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች ያወጣል፤ እሱ ግን በሚያዝያ የዘራው ኅዳር ላይ የሚታጨደውን ያገሩን ማሽላ ነው፣ አገዳውን ለከብት ስለሚፈልገው። የባለመሬቱን እኩሌታ ባለመሬቱ ማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ጎተራው ውስጥ በአደራ ያስቀምጣል። ወደ ኋላ መሄድ ቢችል የትኛው ዘመን እንደሚሄድ ለጥናቱ ጠየቅነው።

"ኧረ ወዲያ ወንድምዓለም! ይልቅ ዳኞቹን የምታውቃቸው ከሆነ፣ ቀጠሮውን ከታኅሣሥ ወዲያ እንዲያደርጉት ንገርልኝ።"