ሩት በቤተ ልሔም

በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ከዘመኑ አሠራር ምን ያህል ወደ ኋላ እንደ ቀረች ለመረዳት የሚሻ ሰው ወደ ድጓው ጉባኤ ቤት ጎራ ማለት ይበቃዋል። ከጎጃም ይምጣ ከወሎ፣ ከስማዳ ይምጣ ከእስቴ፣ በሌላ ደብር ስንት ዘመን ድጓ ሲቀጽል ኖሮ መጽሐፉን በገዛ እጁ በብራና ጽፎ የመጣ ደቀ መዝሙር «አውቃለሁ» ስላለ ብቻ አይታመንም፤ በመምህሩ ፊት ቀርቦ የዜማውን ምልክት ሁሉ፣ ድፋቱንና ሒደቱን፣ ቅናቱንና ይዘቱን፣ ቁርጡንና ጭረቱን፣ ርክርኩንና ደረቱን እያሰማ፣ የሳተውም ምልክት እየታረመለት፣ በገዛ አንደበቱ ካላስመሰከረ በቀር የድጓ መምህር አይባልም። ከዚህም የሚብሰው፣ ካስመሰከረ በኋላ እንኳ ምስክርነቱን ለአጎቱ ልጅ ማዋስ አለመቻሉ ነው።

ከዚህ አድካሚ ሥርዓት የገላገሉን የዘመናችን የሰርቨር ሹሞች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንግለጥለት። ኤስኤስኤች የሚባለው፣ አንድ ሰው ነፋስ መውጫ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለውን ሰርቨር በፊቱ እንዳለ አድርጎ የሚያዝበት፣ በመካከል ያደፈጠ ጆሮ ጠቢ ግን አንዲት ቃል የማይለቅምበት ስውር መንገድ ነው። ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የደረሰው፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ ሌቦች የይለፍ ቃል ሲሰበስቡ ስለ ተገኙ ነው፤ የበር ቁጥርም በጠየቀ ጊዜ፣ ምሥጢርን በግልጥ እያወራ ከሚሄደው ከቴልኔት በር ከ23 አጠገብ፣ 22 ተሰጠው። ሥርዓቱ ሁለት ቁልፍ ይደነግጋል፤ አንዱ በአደባባይ ተገልጦ በሰርቨሩ ዘንድ የሚኖር፣ ሁለተኛው በምሥጢር ሐረግ ታትሞ ከባለቤቱ ኮምፒዩተር ፈጽሞ የማይወጣ። ሰርቨሩም ምሥጢሩን ንገረኝ አይልም፤ ምሥጢሩ በእጅህ መኖሩን አስመስክር ይላል እንጂ።

ሹሞቻችን ይህን ሁሉ ጥበብ እንዴት እንዳቀለሉት ተመልከቱ። አንደኛ፣ ቁልፍ የሚባለውን ትተው በይለፍ ቃል ጸኑ፤ ቃሉም እንዳይረሳ የመሥሪያ ቤቱ ስም ሆኖ ዓመተ ምሕረቱ ተጨመረበት፤ ዓመቱ ሲለወጥ የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ትለወጣለች፣ ይህም ጥብቅ ጥበቃ ይባላል። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ስም መስጠት መለያየትን ያመጣል ብለው ሁሉን «ሩት» በምትባል በአንዲት ባለ ሙሉ ሥልጣን ስም አስገቡ (የኑኃሚንን ምራት ማለታችን አይደለም፤ እርሷ እንኳ ከእርሻው የቃረመችው ባለቤቱ እያወቀ ነው)። ሦስተኛ፣ ቃሉ በቴሌግራም ቡድን ተለጠፈ፤ ከቡድኑም ውስጥ ሥራ የለቀቀው፣ ውጭ አገር የሄደው፣ ለሦስት ወር ተለማማጅ ሆኖ የመጣው ሁሉ በሰላም አለ። ከኢንተርኔት ማዶ ውሎ ሳያድር በሩን እያንኳኳ ሺህ ጊዜ የሚገምተው ማሽን ብቻ ቡድኑ ውስጥ የለም፤ እርሱም ቢሆን በግምት ይደርስበታል።

አንዳንዱ ሹም በቁልፍ ይጠቀማል፤ ይህን አለመመስከር ኃጢአት ነው። የግል ቁልፉንም ባልደረባው እንዳይቸገር በኢሜይል ይልክለታል። ኤስኤስኤች ወደ አዲስ ሰርቨር ሲገቡ አሻራውን አሳይቶ «ይህ የምታውቀው ነውን?» ብሎ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሰርቨሩ ባለቤት ጠይቆ ማመሳከር ሲገባ፣ ጣቱ ከዓይኑ ቀድሞ «አዎን» ይላል። በኋላም «የሰርቨሩ ማንነት ተለውጧል፣ ምናልባት በመካከል ሰው ገብቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የቀድሞው አሻራ የተጻፈበትን መስመር ከመዝገቡ ፍቆ እንደገና «አዎን» ማለት።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የኤስኤስኤች መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል ቢዘገይበት ምክንያቱን ሲመረምር፣ ኤክስዜድ በተባለ የመጨመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ተሸሽጎ የነበረ ስውር በር አገኘ። ስለ ግማሽ ሰከንድ እንቅልፍ ያጣ ሰው! በእኛ ዘንድ ግማሽ ቀን ቢዘገይ ኔትወርኩ ይወቀሳል፣ ቡናም ይጠጣል።

«ሥራ እንዲቀላጠፍ ነው» ይሉናል። ሥራ የሚያቀላጥፈውማ ሌላ ነበር፤ የሰርቨሩን አጭር ስም፣ አድራሻውን፣ የተጠቃሚውን ስምና የቁልፉን ቦታ በኤስኤስኤች የማዋቀሪያ ፋይል አንድ ጊዜ የጻፈ ሰው ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ጽፎ ይገባል፤ በውስጠኛው መረብ ወዳለው ማሽንም በደጁ ሰርቨር በኩል ተሻግሮ በዚያችው ቃል ይደርሳል፤ የምሥጢር ሐረጉንም የቁልፍ ጠባቂው ፕሮግራም ስለሚይዝለት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል። ከዚያ በይለፍ ቃል መግባትንና የሩትን በቀጥታ መግባት መዝጋት የሁለት መስመር ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛ መስኮት ከፍቶ መግባቱን ሳይፈትኑ የመጀመሪያውን አለመዝጋት ብቻ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ይህን ያደረገ ሹም በተለማማጁ ፊት ሥልጣኑ ምን ሊሆን ነው?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትንም፣ የይለፍ ቃልን ያለ ሥልጣን ለሌላ አሳልፎ መስጠትንም ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ነገር ግን ዳኛው «ሌሊት ገብቶ መዝገቡን የሰረዘው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሰርቨሩ «ሩት» ብሎ ይመልሳል፤ ሩትም ቃል ልትሰጥ አትቀርብም። ስለዚህ ክቡር የሰርቨር ሹም ሆይ፣ ልመናችን አንዲት ናት፤ የቴሌግራሙን ቡድን መግቢያ ለቀረነውም ይላኩልን፤ እስካሁን ያልገባነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።