ስትረሱ ለቆህ የት ገባ?

«የማጨሰው ስትረስ ለማስለቀቅ ነው» አልክ? ስሙት እንግዲህ! ለቀቀህ እንበል፤ የት ገባ? ስንዝር አልራቀም። ከጭንቅላትህ ወርዶ ሳንባህ ላይ ሰፈረ። ሐኪሞች ስሙን ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይሉታል። አንተ ስትረስህን ስትረሳ፣ ሳንባህ ይመዘግባል።

ለቀቀህ ያልኩትም ለወጉ ነው። ጠዋት ያቁነጠነጠህ የማታው ኒኮቲን ከደምህ ስላለቀ ነው። የሚያስለቅቅህ ራሱ ያስያዘህን ነው። ያሰረህን ሰው ዋስ ሁነኝ ብለህ ትለምናለህ?

«አንድ ሲጋራ ምን ታመጣለች?» ብለህ ደግሞ ትጠይቃለህ። አንዴ ሳብ ስታደርጋት፣ ከጋዙ ብቻ፣ 1 ላይ 15 ዜሮ ቢደረደር የሚሆን ፍሪ ራዲካል እንደሚገባልህ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ፍሪ ስለተባለ በነጻ እንዳይመስልህ፤ ከፍለህበታል! ፍሪ ራዲካል ማለት ኤሌክትሮኑ ጥንድ ያጣ ወንደላጤ ነው። ሽማግሌ መላክ አያውቅም። ከጎረቤት ይነጥቃል። የተነጠቀውም ወንደላጤ ሆኖ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። የሕዋስህ ስብ፣ ፕሮቲኑ፣ ዲኤንኤው ሳይቀር፣ ሰፈሩ በሙሉ ተፋታ! ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉት ይህንን ነው። አንተ ጢሱን እፍ ብለህ ሸኘሁት ትላለህ። ታር የሚባለው ዝፍቱ ግን እዚያው ተጣብቆ ነገር ይጎነጉናል።

«ፊልተር አለው»። አለው እንጂ! ነጭ ሆኖ ገብቶ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ አይተኸዋል። ጋዙ ግን አልፎት ሄዷል። ፊልተሩን ትጥለዋለህ፤ ሳንባህን የት ትጥለዋለህ?

«ሰውነቴ ይከላከላል»። እሱስ ይከላከላል! ሳንባህን በሚያለብሰው ፈሳሽ ውስጥ ግሉታታዮን የሚባል ዘበኛ አለ፤ መጠኑ በደም ፈሳሽ ውስጥ ካለው ከ100 እጥፍ ይበልጣል። በየሲጋራው የምታደክመው እሱን ነው። ጢሱን ሊያጠፉ የሮጡት ነጭ የደም ሕዋሳትም ኦክሲዳንት የሚባሉ ኤሌክትሮን ነጣቂዎችን ይረጫሉ፤ ኢላስቴዝ የሚባል በላተኛ ኢንዛይምም ይለቃሉ። እሱን የሚይዝ አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን ነበረህ። ጢሱ ይህን ፕሮቲን ወሳኝ ቦታው ላይ ኦክሲጅን ለጥፎበት አቅም ያሳጣዋል። ኢላስቴዝ ገበታው ተዘረጋለት! የሳንባህን ላስቲክ ይበላል፤ ኤምፊዚማ ይሉሃል። ላስቲኩ ያለቀ ሳንባ አየር ማስገባቱ አያቅተውም፤ ማስወጣቱ ነው ጭንቁ። በአፍንጫህም፣ በቀለበትም እያደረግህ ጢስ ስታወጣ የኮራህብን ሰውዬ፣ ባዶ ትንፋሽ ማውጣት ይቸግርሃል!

«ወተት እጠጣበታለሁ፤ ያጥበዋል»። ኧረ በናትህ! ወተቱ ሆድህ ይገባል፤ የሳንባህ በር ሌላ ነው። ተሳስቶ በዚያ ከገባም ትን ይልሃል እንጂ አያጥብህም። ላሚቱን ልቀቃት፤ ከሲጋራህ ጋር ጉዳይ የላትም።

«እሺ፣ ቫይታሚን»። መጣህልኝ! ቫይታሚን ሲህን ጢሱ እየፈጀው ነው፤ አሜሪካኖች አጫሽ በቀን 35 ሚሊግራም ይጨምር የሚሉት ለዚህ ነው። ክኒኑንማ ፊንላንዶች ሞክረውልሃል። 29,133 ወንድ አጫሾች ጥናቱ ውስጥ ገቡ፤ ግማሾቹ ካሮትን ካሮት የሚያደርገውን ቤታ ካሮቲን በክኒን ዋጡ። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጣ፤ በዋጡት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ! አሜሪካ ውስጥ ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር የሞከረው ጥናት ደግሞ ጭማሪው 28 በመቶ ሲሆንበት በ1996 እ.ኤ.አ. ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ካሮት በሰላም አገር ካሮት ነው፤ ክኒን ሆኖ ጢስ ቤት ሲገባ ጠባዩ ይበላሻል።

«አያቴ እያጨሱ 90 ገቡ»። እግዜር ይመስገን! አብረዋቸው ሲያጨሱ የነበሩት ጓደኞቻቸውስ? ጥራቸውና ይመስክሩ። ዝም አልክ? አንድ ምስክር ይዘህ ቀርበህ የቀሩት የት ገቡ ስትባል ዝም የምትል ከሆነ፣ እነሱን ያስቀራቸው ራሱ ተከሳሹ ሲጋራ ነዋ!

«አሁንማ ከረፈደ ማቆም ምን ይፈይዳል?» እዚህ ጋ ቀልዱን ትቼ ልንገርህ፣ ስለምትቀርበኝ። የተበሉት የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ተመልሶ አይሠራም፤ እውነት ነው። የቀሩት ግን ያንተው ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ከደምህ ይጠራል። አክታ ጠራጊዎቹ ጥቃቅን ፀጉሮች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። 10 ዓመት ስትደፍን በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋህ ማጨሱን ከቀጠለው ሰው ወደ ግማሽ ይወርዳል። «10 ዓመትማ ሩቅ ነው» እንዳትለኝ ብቻ! ስታጨስ 10 ዓመት ሲያልፍ መች ቆጠርክና?