ስለ ባለ 44 ሣጥን ሥዕል አሠራር፦ ከኮሶዬ አፋፍ የቀረበ ጥናት

ዳራ። ገጽን በሣጥን ከፋፍሎ ታሪክ መንገር የኮሚክ መጽሔት ግኝት ተደርጎ ይወራል። የንግሥተ ሳባ ታሪክ ግን በአገራችን ሠዓሊዎች እጅ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ሣጥን ይሣላል። የጥናቱ ጣቢያ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮሶዬ ናት፤ ከዚያ ወዲያ አበል አልተፈቀደም።

ደረጃ አንድ፣ ማስመር። ጨርቁ ተወጥሮ ነጭ ቅብ ይቀባል፤ ሣጥኖቹ ይሰመራሉ። ሣጥን ሲያልቅ ታሪክም ማለቅ ስላለበት ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትሄድ ያቋረጠችው በረሃ በጥቂት ሣጥን ይታለፋል።

ደረጃ ሁለት፣ ንድፍ። ማንም ከመነደፉ በፊት ጠባዩ ይጣራል። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዐይን ነው የሚሣለው። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት መላእክት ሁለት ሁለት ዐይን እንዳላቸው አጥኚው አንገቱ እስኪደነዝዝ አንጋጦ አረጋግጧል። ሕጉን በሕያው ናሙና ለመፈተን የኮሶዬ ጭላዳዎች ተመረጡ። ሣር ሲነጩ ጎናቸውን ሰጥተው ስለተገኙ በጅምላ ኃጥኣን ተብለው ተመዘገቡ። አጥኚው ከኪሱ ቆሎ ሲያወጣ ግን አንድ ደረተ ቀይ አውራ ዞሮ በሁለት ዐይኑ ተመለከተው። ንስሓው ቆሎው እስኪያልቅ ጸንቷል።

ደረጃ ሦስት፣ ቀለም። ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው በየድንበራቸው ይሞላሉ፤ ጥላ የለም። ከዚያ ዙሪያው በጥቁር መስመር ይታሰራል። ከኮሶዬ ቁልቁል ሲያዩ ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቦ እስከ ቆላው ይወርዳል። የጎንደር ሠዓሊ ግን ከቅዱሳኑ ጀርባ ቢጫና አረንጓዴ ለቅልቆ አልፏል። ሁለት መላምቶች ቀርበዋል፦ ወይ ገደሉን አላየውም፣ ወይ አይቶት 44 ጊዜ መሣል የሚያመጣውን ጣጣ አስልቷል። ማስረጃው ሁለተኛውን ይደግፋል።

ደረጃ አራት፣ ጽሕፈት። ማን ምን እንዳደረገ በሥዕሉ ላይ ይጻፋል። ማንበብ የማይችለው ያየውን፣ ማየት የሰነፈው ያነበበውን ይዞ ይሄዳል።

መደምደሚያ። በክብረ ነገሥት እንደተተረከው ሰሎሞን ንግሥቲቱን ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ በጥም አጠመዳት፤ ውኃ ስትጠጣም ከቤቴ ምንም ላለመውሰድ የገባሽውን ቃል አፍርሰሻል አላት። በሕጉ መሠረት ከዚህ ሣጥን ጀምሮ በጎን መሣል ነበረበት። ሆኖም ሁለቱም ዐይኖቹ በቦታቸው ናቸው። ስለዚህ ጥናቱ የዐይን ሕግ በጭላዳ ላይ ሙሉ በሙሉ እንደሚሠራ፣ ንጉሥን በተመለከተ ግን ማስፈጸሚያ መመሪያ እንዳልወጣለት ይደመድማል።