ለአረንጓዴዋ ፓኮ የቀረበ ምስጋና

የምንወደውንና የምንጠላውን ራሳችን የመምረጥ አድካሚ ሸክም ከትከሻችን ላወረዱልን ለኤድዋርድ በርኔይስ ምስጋና ሳላቀርብ ብሞት ነፍሴ ትወቅሰኛለች። እኒህ በቪየና ተወልደው በኒው ዮርክ የከበሩ ሰው የሲግመንድ ፍሮይድ የእህት ልጅ ናቸው፤ አጎትየው ሕሙማንን ለመፈወስ የነፍስን ጓዳ ሲበረብሩ ኖሩ፣ ለልበ ሰፊው የእህት ልጅ ግን ያው ጓዳ ጥሩ ሱቅ እንደሚወጣው ተገለጠላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1929 የትንባሆው ባለጸጋ ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል ሴቶች በአደባባይ ባለማጨሳቸው አብዝተው አዘኑ። የቀጠሯቸው በርኔይስም እንደ ተራ ነጋዴ «ግዙ» ብለው አልጮኹም። የነፍስ ሐኪሙን ኤ. ኤ. ብሪልን አማከሩ፤ ሐኪሙም ሲጋራ ለሴት ልጅ የነጻነት ችቦ መሆኑን አበሰሩ። በፋሲካ እሑድ ወጣት ሴቶች ችቧቸውን ለኩሰው በአምስተኛው ጎዳና ታዩ፣ የበርኔይስ ጸሐፊም ከመካከላቸው ነበረች። ወጪውን ማን እንደቻለ አልተነገረም፤ ግራው የሰጠውን ቀኙ የማያውቅ ቸርነት ይሏል ይህ ነው።

አንጀቴን የሚያርሰው ግን የ1934ቱ ሥራቸው ነው። ሴቶች የሂልን ሲጋራ ላኪ ስትራይክን የሸሹት አረንጓዴዋ ፓኮ ከልብሳቸው ጋር አልሄድ ብላቸው ነበር። የፓኮዋ ቀለም ይቀየር ቢባል ሂል ለማስታወቂያዋ ሚሊዮኖች አፍስሻለሁ ብለው እምቢ አሉ። ታዲያ በርኔይስ ምን ገደዳቸው! ፓኮዋን በልብስ ልክ ከመስፋት ይልቅ አገሩን በፓኮዋ ልክ ሰፉት። የፋሽን አዘጋጆችን ምሳ ጠሩ፤ የምግቡ ዝርዝር በአረንጓዴ ወረቀት፣ በሳህኑ አረንጓዴ ፎሶሊያ፣ ከዚያም አንድ ምሁር ተነስተው አረንጓዴ በታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ውስጥ ያለውን ክብር ሲያስረዱ እንግዶቹ አረንጓዴያቸውን እየዋጡ አዳመጡ። ቀጥሎ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ለበጎ አድራጎት ታላቅ የአረንጓዴ ግብዣ ተደገሰ። እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት፦ የከተማዋ ወይዛዝርት ለድሆች ሲሉ በአረንጓዴ ሐር አጊጠው፣ በሳንቲም ለምትሸጥ የወረቀት ፓኮ ሳያውቁት እጅ ሲነሡ!

በ1942 ፓኮዋ ነጭ ሆነች። ኩባንያውም አረንጓዴዋ ቀለም ወደ ጦር ሜዳ መዝመቷን ለሕዝብ አስታወቀ። ቀለም ሳይቀር ለአገሩ የሚዘምትበት ዘመን እንዴት የተባረከ ነው!

የበርኔይስ ባለቤት ዶሪስ ፍላይሽማን ለሴቶች መብት የቆሙ ወይዘሮ ነበሩ፤ ሲጋራም ይወዱ ነበር። ልጃቸው እንዳስታወሰችው፣ አባቷ የእናቷን ሲጋራ ባገኙ ቁጥር አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ እየሰበሩ ሽንት ቤት ይጨምሩት ነበር። ለሰው ሚስት ያልሰሰቱትን የነጻነት ችቦ ከገዛ ቤታቸው አጥፍተው በጨለማ ለመቀመጥ የቆረጡ፣ እንዴት ያሉ ለራሳቸው የማያውቁ ሰው ነበሩ!