አጤሬራ፦ የኃይሉ ምንጭና ክሽፈት

አጤሬራ ስንል ከመዳፍ የማይሰፋ፣ በጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ጢም ያለ፣ ተራ ተማሪን ለሁለት ሰዓት ሊቅ የሚያደርግ ወረቀት ማለታችን ነው። ሊቅነቱ ከፈተና ክፍሉ በር አያልፍም።

ዕቃው አያቶች አሉት። የቆሎ ተማሪ ልቡ እንዲበራ አብሾ ይጠጣ ነበር ይባላል። ከአብሾ ጋር ስሙ የሚነሳው አስተናግር የተባለ ተክል ስኮፖላሚን የተባለ ንጥረ ነገር አለበት፤ የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ ይህንኑ የሚሰጡት የሰው ትውስታ ሲደክም ለማጥናት ነው። እንግዲህ አብሾ ጠጥቶ ቅኔ የዘረፈ ሰው ካለ፣ የዘረፈው ከመድኃኒቱ ጋር እየታገለ ነው። ይህ ሊቅነቱን እጥፍ ያደርገዋል።

የቅርብ ዘመዱ ግን ክታብ ነው። ሁለቱም ይጠቀለላሉ፣ ገላ ላይ ይደበቃሉ፣ ባለቤታቸውም «የለኝም» ይላል። ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ ሳይገለጥ ይኖራል። አጤሬራ ካልተገለጠ አይሠራም፤ ፈታኙ እያየ ከተገለጠም አይሠራም።

ይህ የአጤሬራ ጥናታችን የአዲስ አበባውን ሰንጋ ተራ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ እዚህ ነው፤ ተማሪ ባለበት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለበትም አሳንሶ የሚያወጣ ማሽን አይጠፋም። (የየትኛውም ግቢ ጠባይ ነውና ኮሜርሶች አይቀየሙን።) ደግሞም የሰንጋ ገበያ የነበረው ሰፈር ዛሬ፣ 209 ሜትር የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ተጎራብቶ፣ የባንኮች መንደር ሆኗል። በየፎቁ ትንሽ ወረቀት ባለቤቷን ትልቅ ሰው ታደርጋለች። እዚህ በአጤሬራ መሳቅ የሚፈልግ በቅድሚያ የቼክ ደብተሩን ያስረክብ።

ግንቦት 2008 ላይ የአጤሬራ ኃይል ከካልሲ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቀ፤ አገር በሙሉ በአንድ ሌሊት ሊቅ ሊሆን ሲል ብሔራዊ ፈተናው ተሰርዞ ወደ ሐምሌ ተዛወረ።

ትልቁ ክሽፈት የደረሰው ጥቅምት 2015 ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ስልክ ተከለከለ፤ የሚፈትኗቸውም ስማቸውን፣ እናታቸውን፣ ሰፈራቸውን የማያውቁ መምህራን ሆኑ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ለዘርፉ ይህ ታላቅ ግኝት ነው፦ ኃይሉ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ አይቶ እንዳላየ መስኮት መስኮቱን በሚመለከተው፣ የሰፈር ልጅ መሆናችንን በሚያውቀው ፈታኝ ዓይን ውስጥ ኖሯል።

አንዳንድ ሰዎች ውጤቱን በመጽሐፍ እጥረት፣ በተጨናነቀ ክፍልና በመምህር ደመወዝ ሊያብራሩት ይሞክራሉ። እንዲህ ያለው ከተፈጥሮ በላይ ያልሆነ ማብራሪያ ከጥናታችን ወሰን ውጭ ነው።